ጠመንጃን በቤት ስለ ማኖር፤ የብረት ቁም ሣጥን አመራረጥ

ለአገር ገዥዎች፥ ለባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት።

ባላገር ከብቱንና አዝመራውን የሚጠብቅበትን ጠመንጃ እንደ ክብሩ ስለሚያየው፥ በምሰሶ ወይም በግድግዳ ሰቅሎ ማኖርን ልማድ አድርጎ ኖሯል። ነገር ግን በዓይን የሚታይ መሣሪያ ሌባን ይጋብዛል፤ ሕፃንን ያታልላል፤ የተቈጣንም ሰው እጅ ያፋጥናል። ቍጣ በጥቂት ጊዜ ይበርዳል፤ የተተኰሰ ጥይት ግን አይመለስም። ስለዚህ ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ የሚቈለፍ የብረት ቁም ሣጥን ሊኖረው ይገባል። ሆኖም ሣጥን መግዛት ፈቃድ ማውጣትን አይተካም፤ ይኸውም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 የተወሰነ ነው።

፩ኛ፤ ስለ ቁመቱ። ክላሽንኮፍ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አሮጌው ውጅግራ 130 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በቤት ካለው ረዥሙን ለክቶ፥ ከርሱ 10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠውን መምረጥ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ላሜራውና ስለ ቍልፉ። የላሜራው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የመዝገብ ማኖሪያ የሆነው ስስ ሣጥን በድጅኖ ቢፈለቅቁት ወዲያው ይከፈታል። ከውጭ የሚንጠለጠል ጓጕንቸር ይቈረጣል፤ ስለዚህ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሆኖ ከሁለት ስፍራ በላይ የሚይዘው ይሻላል።

፫ኛ፤ ስለ አተካከሉ። ባዶውን ሣጥን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከውስጥ በኩል በአራት ብሎን ከድንጋይ ግንብ ወይም ከሲሚንቶ ወለል ጋራ ማሰር ያስፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይይዝምና፥ ቤቱ የጭቃ የሆነ ሰው በወለሉ ላይ ሲሚንቶ አስፈስሶ በዚያ ላይ ይትከለው።

፬ኛ፤ ስለ ዝገት። የተዘጋ ሣጥን በክረምት እርጥበትን ያምቃል። ስለዚህ ከምድር ጥቂት ከፍ አድርጎ፥ ከረጠበ ግድግዳም አርቆ ማቆም ይገባል። ጠመንጃውንም አድርቆና ዘይት ቀብቶ ማግባት ነው እንጂ፥ ከነቈዳ አፎቱ መተው አይገባም፤ ቈዳ እርጥበት ይስባልና።

፭ኛ፤ ስለ ጥይትና ስለ መክፈቻው። ጠመንጃው ሳይገባ ጥይቱ ወጥቶ ጕሮሮው ባዶ መሆኑ በዓይን ይታይ። ጥይቱም በሌላ ሣጥን፥ በሌላ ቍልፍ ይቀመጥ። ባሩድ ግን አጥብቆ በሚዘጋ ብረት ውስጥ አይኑር፤ እሳት ቢነሣ ይፈነዳልና። መክፈቻውን በሣጥኑ አጠገብ በምስማር የሰቀለ ሰው ሣጥኑን እንዳልቈለፈው ይቈጠራል።

ሕዝብ ከሹሙ ቃል ይልቅ የሹሙን ሥራ ይከተላል። ስለዚህ ሹማምንት ይህን አስቀድመው በገዛ ቤታቸው ቢፈጽሙት፥ ለሌላው ምክር በሰጡ ጊዜ ቃላቸው ይሰማል፤ የብዙ ቤት ልጆችም ከሞት ይድናሉ።