ለአንድ ኪኒን አራት ሰው

ጀመዓ፣ ስሙኝማ! ከአሊዩ አምባ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል አቀበቱን የወጣ ሰው ሲመለስ አንድ ምሬት አያጣውም፤ «ለአንዲት ኪኒን መስኮት ለመስኮት አንከራተቱኝ» ይላል። ለካ መንከራተቱ ሚስጥር አለው!

ማዘዣችሁን መጀመሪያ የሚቀበለው ባለሙያ ብር አይነካም። ሥራው ወረቀቷን መመርመር ነው። መጠኑ ለዕድሜው ይሆናል? ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ቢወሰዱ አይጎዱም? ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ናት? ካላማረው ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ በራሱ አይለውጥም። ቀጥሎ ዋጋ የሚያሰላው፣ ከዚያ ገንዘብ ተቀባዩ። መጨረሻ ላይ መድኃኒቱን የሚሰጥና አወሳሰዱን የሚያስረዳ ሌላ ባለሙያ አለ። አጃኢብ! ወረቀቷ በሁለት ባለሙያ ዓይን ሳታልፍ ኪኒኗ እጃችሁ አትገባም።

ብሩንስ ለምን ለዩት? ዕድራችንን አስቡት። ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ድንኳንና ድስት የሚጠብቀው ሌላ። ሁሉንም ለአንድ ሰው ብትሰጡት፣ ወሊይ ቢሆን እንኳ፣ በማን ይመሳከራል?

አሁን ጉዱን ስሙ። ከመጋዘን መቶ ፓኬት ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ቢቀር፣ የሰባ ፓኬት ወረቀት መኖር አለበት፤ በብር የተሸጠውም፣ በነፃ የተሰጠውም ተደምሮ። ስልሳ ስምንት ከሆነ ሁለቱ የት ገቡ? ዋጋ ያሰላው፣ ብሩን የተቀበለውና መድኃኒቱን የሰጠው የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ወረቀት የሌላውን ያጋልጣል። እዚህች ላይ ነው ነገሩ ቦግ ያለልኝ! ሒሳቡን የሚያመሳክር ለመድኃኒት ቤቱ ብቻ የተመደበ የሒሳብ ባለሙያም አለ።

ደግሞ ይህ አሠራር ከሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ የተሞከረው እዚሁ ክልላችን፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ክልሉ ደንብ አውጥቶ አጸናው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ።

ችግሩ፣ አሠራሩ ብዙ ሰው ይፈልጋል። የሆስፒታል ፋርማሲ ፈቃድ ባለው ፋርማሲስት መመራት አለበት፤ አንድ ድራጊስት ብቻውን በሚውልበት ትንሽ ጤና ጣቢያ ግን አራቱን ሥራ ለማን ታከፋፍሉታላችሁ? በእኔ ግምት ከመድኃኒቱ እጥረት ባልተናነሰ ልንጮህበት የሚገባው የባለሙያው እጥረት ነው።

እስከዚያው እናንተ የምትችሉት አለ። ቤት ውስጥ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ ለመጀመሪያው መስኮት ተናገሩ፤ ከመጨረሻው ደግሞ አወሳሰዱን በራሳችሁ አፍ ደግማችሁ ሳትነግሩት አትሂዱ።