ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ በጣና ዳርቻ መታሰቢያ

በቆራጣ ገዳም የምትታወሰው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነኰሰች። ባልየው ከንጉሡ የጦር አዛዦች አንዱ ነበርና ነገሩ የቤት ጠብ ብቻ አልነበረም፤ ገድሉ እንደሚተርከው የተገደሉትን የአቡነ ስምዖንን ልብሰ ተክህኖ ወስዷል።

ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ ገድሏን በግእዝ የጻፈው በ1672 እ.ኤ.አ.፣ የሚያውቋት ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ስለዚህም ከተአምራቱ ጋር ሕመሟ፣ ቁጣዋና ወንዶችም ሴቶችም የነበሩበት የማኅበሯ የዕለት ኑሮ ተመዝግቧል።

ጎልታ የምትታየው ግን እኅተ ክርስቶስ ናት። ባልንጀራዋ ሆና አብራት ኖረች፤ ከዕረፍቷም በኋላ እስከ 1649 እ.ኤ.አ. ማኅበሩን መራች። ይህች ተከታይ በዋናነት የምትታወቀው በሌላይቱ ገድል ውስጥ ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ኅዳር 17 በየዓመቱ ትዘከራለች።