አሞሌ፦ ተረትና እውነታ

ወጣቱ «አሞሌ» ሲባል ትዝ የሚለው ዳሸን ባንክ ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ያወጣው ስም ነው። ለከብት አርቢው ደግሞ ከብት የሚልሰው የጨው ድንጋይ ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ከሁለቱም ይሰፋል፤ አሞሌ ድሮ ገንዘብ ነበር፤ የቆቦና የራያ ቆላ ሰውም የራሱ ድርሻ አለበት።

ተረት፦ አሞሌ ማለት ማንኛውም ጨው ነው።

እውነታው፦ አሞሌ በአፋር፣ በዳሎል አካባቢ ካለው የጨው ሜዳ ተፈንቅሎ በልክ የተጠረበ ሞላላ የጨው ቁራጭ ነው። ገንዘብ ያደረገውም ልክ መያዙ ነው፤ ሻጭና ገዢ ሳይመዝኑት ይቆጥሩት ነበር። ከተሰበረ ዋጋው ይወርድ ነበር።

ተረት፦ አባቶቻችን ሳንቲም ስለማያውቁ በጨው ተገበያዩ።

እውነታው፦ አክሱም ከጥንት ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ታስመታ ነበር። በኋላም 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር አገሩን ሞልቶት ነበር። ነገር ግን አንድ ብር በርበሬና ጥጥ ለሚሸምት ሰው እጅግ ትልቅ ነበር። ዝርዝሩ አሞሌ ነበር፤ ብርና ጨው ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ተረት፦ የአሞሌ ዋጋ በሁሉም ቦታ አንድ ነበር።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ልዩነቱን መዝግቦታል። ጨው በሚወጣበት ስፍራ 120 ወይም 130 አሞሌ በአንድ ድራም ወርቅ ይመነዘር ነበር። የዛሬውን የሰሜን ወሎ ሰፊ ክፍል ይዞ በነበረው በአንጎት ገበያ ላይ ቁጥሩ አምስት ስድስት ያህል ያንስ ነበር። ጨው ወደ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ ግን ለዚያው ወርቅ የሚሰጠው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። በክረምት አምስት ሆኖም አይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መንገዱ ይረዝማል፣ ጭነት ይከብዳል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ዝናብ ደግሞ ጨውን ያሟሟል። እያንዳንዱ ገበያ በቀደመው ገበያ ዋጋ ላይ የድካሙን ዋጋ ይጨምራል።

ተረት፦ የምኒልክ ብር ሲታተም አሞሌ ወዲያው ከገበያ ወጣ።

እውነታው፦ የአጼ ምኒልክ ብር እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ቢመታም፣ አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገበያ ቆይቷል። ገበሬ የሚያምነው በእጁ የለመደውን ነው፤ አሞሌ ደግሞ ባይሸጥ እንኳ ለወጥና ለከብት ይሆናል።

ስለዚህ አሞሌን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መጥራት ስህተት ነው። ርቀትን፣ ወቅትንና ጉልበትን ያሰላ፣ ከቆላው አፋር እስከ ደጋው አማራ ያገናኘ የሂሳብ ሥርዓት ነበር። በቆቦም ሆነ በአላማጣ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የጨው ቅፍለት ሲያልፍ ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም ካሉ፣ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።