የድረ ገጽዎን ደጃፍ ለማን ያከራያሉ?

ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ቤት አያያዝ ወይም ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ የሚጽፉበት አዲስ ድረ ገጽ ከፍተዋል እንበል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ «ዓመታዊ ክፍያውን እንኳ በምን እንሸፍነው?» የሚል ጥያቄ ቤት ውስጥ መነሳቱ አይቀርም። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ባነር ማስታወቂያን ነው።

አሠራሩ ከሱቅ ኪራይ ብዙም አይለይም። እርስዎ ቦታ አለዎት፣ አስተዋዋቂው ቦታ ይፈልጋል። የማስታወቂያ ኔትወርክ የሚባለው ድርጅት እንደ ደላላ ሁለታችሁን ያገናኝና ድርሻውን ይወስዳል። እኔ በሥራዬ ከአስተዋዋቂዎቹ ወገን ነኝ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጠው የተመልካቹን ዕድሜ፣ አካባቢና ፍላጎት እንጂ እያንዳንዱን ድረ ገጽ አይደለም። ስለዚህ ለገጽዎ የማይመጥነውን ማስታወቂያ የማጣራቱ ኃላፊነት የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ነው።

ለመጀመር የማያስቸግር

ጎግል አድሴንስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ ኔትወርክ ነው። ለመመዝገብ የተወሰነ የጎብኚ ቁጥር አይጠይቅም። የሚሰጥዎትን አጭር ኮድ ገጽዎ ላይ ካስገቡ በኋላ «አውቶ አድስ» የተባለው አማራጭ ማስታወቂያዎቹን በራሱ ቦታ ያስይዛል። በአንጻሩ ሚዲያቫይን ለዓመታት በወር 50,000 ጉብኝት ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ ሩቅ ነው። በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት ኔትወርኩ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ይመልከቱ።

ማንን መከልከል ይችላሉ?

ለቤተሰብ ድረ ገጽ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንዲት እናት ስለ ሕፃን ገንፎ እያነበበች የቁማር ወይም የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ ማስታወቂያ ብቅ ቢልባት የምትታዘበው ኔትወርኩን ሳይሆን እርስዎን ነው። ስለዚህ የማይፈልጉትን የማስታወቂያ ዓይነትና የተወሰኑ አስተዋዋቂዎችን መዝጋት የሚያስችል ኔትወርክ ይምረጡ። አድሴንስ ይህን ይፈቅዳል፤ መዝጊያውን ማስታወቂያው ከመጀመሩ በፊት ያስተካክሉት። ገጽዎ በቀጥታ ለልጆች የተዘጋጀ ከሆነም ይህንኑ ለኔትወርኩ ማሳወቅ ይኖርብዎታል።

ስለ ማስታወቂያው ቅርጽም ይጠይቁ። ጽሑፉን ሸፍኖ ብቅ የሚል መስኮትና ድምፅ እያሰማ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ አንባቢን ያባርራሉ። የጎግል ክሮም ማሰሻም ከየካቲት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያሉ አሰልቺ ማስታወቂያዎችን ደጋግመው በሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ማገድ ጀምሯል። በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው ደግሞ ለከባዱ ቪዲዮ ከራሱ ጥቅል እየከፈለ መሆኑን አይርሱ።

ገንዘቡ እጅዎ የሚገባው እንዴት ነው?

ኔትወርኮች ገቢን የሚያሰሉት ብዙውን ጊዜ በ1,000 የገጽ እይታ ነው። ለምሳሌ 1,000 እይታ 1 ዶላር ቢያስገኝ 100 ዶላር ለመሙላት 100,000 እይታ ያስፈልጋል። በዶላር ለሚከፈል ሒሳብ አድሴንስ ክፍያ የሚፈጽመው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ከዚያ በፊት ሒሳብዎ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻዎን ለማረጋገጥ የሚስጥር ቁጥር በፖስታ ይልካል። ፖስታ በአብዛኛው በሳጥን ቁጥር በሚደርስበት አገራችን የፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን በትክክል መሙላት ወሳኝ ነው። ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስምም ከባንክ ደብተርዎ ጋር አንድ ይሁን። ሌላ ኔትወርክ ከመረጡ ዝቅተኛው የክፍያ መጠን ስንት እንደሆነና ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ያስተላልፍ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለመላው ቤተሰብ ይነገር። የራስን ማስታወቂያ መጫን፣ ወይም ዘመድና ጓደኛን «እባካችሁ ጫኑልኝ» ብሎ መለመን ሒሳብ ያዘጋል። አጎትዎ በቅንነት ሊረዱዎት ብለው በየማታው ቢጫኑም ለኔትወርኩ ያው ማጭበርበር ነው።

ከመወሰንዎ በፊት

ኔትወርኩን የሚጠቀሙ ሁለት ሦስት ድረ ገጾችን በራስዎ ስልክ ይክፈቱ። ከዚያም ስልኩን ለእናትዎ ወይም ለታላቅ እህትዎ ሰጥተው አንድ ጽሑፍ እንዲያነቡ ይጠይቁ። መዝጊያውን «ኤክስ» ፈልገው ካጡ፣ ወይም ሳያስቡት ሌላ ገጽ ውስጥ ከገቡ፣ የእርስዎም አንባቢዎች የሚገጥማቸው ያው ነው።

ጎብኚዎ ገና ጥቂት ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ለሰፈርዎ ኬክ ቤት ወይም መዋዕለ ሕፃናት በወር ኪራይ በብር ያቅርቡ። ማስታወቂያውን አስቀድመው ያዩታል፣ ዋጋውንም ተነጋግረው ይወስናሉ። የቀረውን ቦታ ለኔትወርኩ መስጠት ይችላሉ፤ ውሉ ሌላ አስተዋዋቂ እንዳያስገቡ የሚከለክል አለመሆኑን ግን ሳያነቡ አይፈርሙ።