የሞተር ዘይት ወተት ሲመስልና ከልኩ ሲያልፍ

የሞተር ዘይት ሲያረጅ ይጠቁራል እንጂ አይነጣም። አንድ ባለመኪና ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየ፣ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘ ነገሩ ይከብዳል፤ ማንም ሳይጨምርበት ዘይት በራሱ አይበዛምና። እነዚህ ሁለት ምልክቶች፣ ቀለሙና መጠኑ፣ አንድ ላይ ሲነበቡ ብዙ ነገር ይናገራሉ። ለየብቻ ሲታዩ ግን ያሳስታሉ። ብዙ ሰው በቀለሙ ብቻ ደንግጦ ጤነኛ ሞተር ያስከፍታል፤ ሌላው ደግሞ የዘይቱን መብዛት እንደ በረከት ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህን ጉዳይ በተለይ ለአርሲ አንባቢ ማንሳት የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። አርሲ ከሞተር ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በሚንቀሳቀስባቸው ዓመታት ትራክተርና ኮምባይነር በጭላሎ አውራጃ ተስፋፍተው ነበር። ዛሬም ከጀጁዋ አርቦዬ እስከ አሰላና በቆጂ ድረስ ስንዴ አጫጁም፣ እህል ጫኙም፣ ሰው አመላላሹም ዕድሜ በጠገበ ሞተር ሲሠራ ይታያል። አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ደግሞ ለአብዛኛው ሰው የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አንሮታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለውን ሞተር በጥንቃቄ ማቆየት የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

በሞተር ውስጥ ውሃና ዘይት ጎን ለጎን ይዞራሉ እንጂ አይገናኙም። ዘይቱ ከታች ካለው ገንዳ፣ ከኮፓው፣ በፖምፓ ተስቦ የሞተሩን ዋና ዘንግ ወደሚሸከሙት ብሮንዚናዎችና ወደ ቫልቮላዎች ይወጣል፤ ከዚያም ተመልሶ ይወርዳል። ውሃው ከራዲያተሩ ተነስቶ በብሎኩና በላዩ በተገጠመው ቴስታታ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል። በመካከላቸው ያለው መለያ አንዳንድ ቦታ ስስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ አንዳንድ ቦታ የብረት ግድግዳ፣ አንዳንድ ቦታም የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲለቅ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የሚሽከረከረው ሞተርም ሁለቱን እየመታ ወተት መሰል ድብልቅ ያደርጋቸዋል።

ውሃ ግን ራዲያተሩ ሳይነካም ዘይት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በማርሚታ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ፋሻዎቹ በኩል ሾልኮ ወደ ኮፓው ይወርዳል፤ ፋሻው ባለቀበት አሮጌ ሞተር ደግሞ የሚወርደው ይበዛል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ከሄደ ያ እርጥበት ተንኖ ይወጣል። መኪናው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚመላለስ ከሆነና ሌሊቱ እንደ አሰላ ሌሊት የሚበርድ ከሆነ ግን፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆንና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ድብልቅ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነው፤ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ቅባት ሆኖ ይለጠፋል። ከአጨዳ ወቅት ውጭ ለወራት ቆመው፣ ባትሪያቸው እንዳይሞት ብቻ ለጥቂት ደቂቃ እየተነሱ የሚጠፉ ኮምባይነሮችም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ጥቅሙ ትንሽ፣ የሚያጠራቅመው እርጥበት ግን ብዙ ነው፤ ከተነሳ እስኪሞቅ ድረስ ቢሠራ ይሻላል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የድሮው ቮልስዋገን ነው። ያ መኪና ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተርም ውሃም የለውም። ሆኖም በክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት ይታይበታል። የጓርኒሲዮን ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ እርጥበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ወተቱ የታየው የት ነው የሚል ነው። ክዳኑ ሥር ብቻ ከሆነ፣ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑም ካልተለወጠ፣ ክዳኑን ጠርጎ፣ መኪናውን ለአንድ ሰዓት ያህል ረጅም መንገድ ነድቶ እንደገና ማየት ነው። የራዲያተሩ ውሃ እስካልጎደለ ድረስ ቴስታታ የሚያስከፍት ነገር የለም። በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ከነጣ ግን ወደ መጠኑ እንሂድ።

መጠኑን ስንለካ መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ዳገት ላይ በቆመ መኪና የተለካ ዘይት ውሸት ይናገራል። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት ሳይነሳ መለካት ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ራዲያተሩ ግማሽ ሊትር ውሃ ከጎደለበትና ዘይቱ የምልክቶቹን እኩሌታ ያህል ከፍ ካለ፣ ሒሳቡ ራሱ ተናገረ፤ ራዲያተሩ ያጣውን ኮፓው አግኝቶታል።

ዘይቱ በዝቶ ካልነጣስ? ጣት ነክሮ ማሽተት ነው። ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተና ከቀጠነ የገባው ውሃ ሳይሆን ነዳጅ ነው። በካርቡሬተር በሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ላይ በሞተሩ የሚገፋው የቤንዚን ፖምፓ ሜምብራና ሲቀደድ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ኮፓው ይፈሳል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የናፍጣ ፖምፓው ማሸጊያ ጎማ ሊሆን ይችላል። ይህ ወተት አይሠራም፤ ግን የዘይቱን ጉልበት ያጠፋል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሽታ ከሌለው ደግሞ ዘይት የቀየረው ሰው በመለኪያው ሳይሆን በጀሪካኑ ለክቶ አራቱንም ሊትር ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ የተሞላ ዘይት የሞተሩ ዋና ዘንግ እየመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋውም ነጣ ብሎ ሰውን ያሳስታል። መለያው ቀላል ነው፦ ጥቂት ዘይት በብርጭቆ ቀድቶ ማስቀመጥ። አረፋ ቶሎ ይጠፋና ዘይቱ ይጠራል፤ ውሃ የገባበት እንደነጣ ያድራል፣ አንዳንዴም ውሃው ከሥር ይዘቅጣል።

ውሃ ከውጭም ይገባል። ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ሲታጠብ ክዳኑ ላልቶ ወይም የመለኪያው ዘንግ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም መኪናው በክረምት የሞላ ወንዝ ተሻግሮ ከሆነ፣ ታሪኩን ለመካኒኩ መንገር የሰዓታት ድካም ይቆጥባል።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ ጥርጣሬው ወደ ማቀዝቀዣው ያመራል። እዚህ ላይ የአርሲን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ በምትበልጠው በቆጂ ከ91 ዲግሪ በታች ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ስፕሪንጉ ደህና የሆነ፣ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የአሰላን ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የተጠመዘዘ ክዳን ይህን አያደርግም። ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ክዳኑ ካልያዘለት ሳይታወቅ ሊፈላ ይችላል። ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ውዱን ቴስታታ ይጠብቃል፤ ለዚህ ነው ክዳኑን መቀየር ችላ ሲባል የሚያበሳጨኝ።

በኮምባይነር ላይ ደግሞ ገለባና እብቅ አለ። በአጨዳ ቀን የራዲያተሩ ክንፎች በእብቅ ይደፈናሉ፤ አየር አያልፍም፤ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ይግላል። አንዴ በኃይል የጋለ ቴስታታ፣ በተለይ የአሉሚኒየም ከሆነ፣ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይለቃል፤ አንዳንዴም ብረቱ ራሱ ይሰነጠቃል። በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ስንጥቁን ያፋጥነዋል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ ጓርኒሲዮን አይደለም። አይሱዙንና ላንድክሩዘርን ጨምሮ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ዘይቱን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ክፍል አለ፤ እሱ ሲበላ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፣ የጋለው ውሃ ግፊት ይቆያል፣ ውሃውም ወደ ዘይቱ ይገፋል። ስለዚህ ራዲያተሩ አፍ ላይ የዘይት ቅባት ከታየ ቴስታታ ከመነካቱ በፊት ይህ ክፍል ይፈተሽ። ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻ በቀጥታ በውሃ በተከበበባቸው የትራክተርና የከባድ መኪና ሞተሮች ላይ ደግሞ ከካሚቻው ሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶች ደርቀው ያፈሳሉ።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር። አንድ ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ከተንጫጫ ውሃ አለበት፤ ዓይንን ግን መጠበቅ ነው። ቀጥሎ መኪናው ሌሊቱን ሳይነሳ ይደር። ጠዋት የኮፓው መፍሰሻ ብሎን በቀስታ ይላላ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ የተለየ ውሃ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ሞተሩ በብርድ ተነስቶ ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ከደነደነ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ግፊት የፈጠረው የሚቃጠለው ጋዝ ነው፤ ይህ የጓርኒሲዮን ወይም የስንጥቅ ምልክት ነው። ይህንኑ በሰማያዊ ፈሳሽ የሚመረምር መሣሪያም አለ፤ የሚቃጠል ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ከገባ ፈሳሹ ቀለሙን ይለውጣል። ካልለወጠ ግን ሞተሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ጓርኒሲዮኑ በውሃና በዘይት መተላለፊያ መካከል ብቻ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚሻለው በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ በእጅ የሚነፋው የግፊት መለኪያ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ኮፓው ተፈትቶ ከሥር ቢታይ ውሃው ከየት እንደሚንጠባጠብ ዓይን ያያል። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ቴስታታ አውርዶ ጥፋት ከማጣት በእጅጉ ይረክሳል።

ጥፋቱ እስኪጠገን ድረስ፣ ከዚህ ምርመራ ውጭ ሞተሩ አይነሳ። ውሃ እንደ ዘይት ሽፋን አይሠራም፤ ብሮንዚናዎቹ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋሉ። ውሃው ፀረ ብርድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ለብሮንዚና የባሰ ጠላት ነው። ወተት በሆነ ዘይት ብዙ የተነዳ ሞተር ከሆነ ኮፓው ሳይዘጋ ብሮንዚናዎቹን ማየት ግዴታ ነው። አለበለዚያ ለቴስታታው የተከፈለው ገንዘብ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሞተር ኳኳታ ይጠፋል።

ቴስታታ ከወረደ ጠፍጣፋነቱ በማስመሪያና በስስ መለኪያ ይለካ፤ ስንጥቅ ይፈለግበት። ተጣሞ ከሆነ በማሽን ይስተካከል፤ ብሎኖቹም ከመሀል ወደ ዳር፣ በፋብሪካው ቅደም ተከተልና ኃይል ይጥበቁ። በእጅ ግምት የጠበቀ ቴስታታ ተመልሶ ይመጣል። ከጥገናው በኋላ አንድ ጊዜ ዘይት መቀየር አይበቃም፤ ወተቱ በየመተላለፊያው ተጣብቆ ይቀራል። ርካሽ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገብቶ ሞተሩ ያለ ጭነት እስኪሞቅ ይሥራ፤ ይፍሰስ፤ ጥርት ያለ እስኪወጣ ይደገም። ከዚያ በኋላ ነው ደህናው ዘይት የሚገባው።

የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አታፍስሱ። ፀረ ብርድ የተቀላቀለበት ከሆነ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ከብትም ውሻም ይልሰዋል፣ ይገድላልም። ክዳን ባለው ጀሪካን አኑሩት። መካኒኩም ቴስታታ ይወርዳል ሲላችሁ፣ ከመፍቀዳችሁ በፊት የዘይቱን ማቀዝቀዣ መርምሮት እንደሆነና ራዲያተሩን በግፊት ፈትሾት እንደሆነ ጠይቁት። አልፈተሽኩም ካላችሁ ሞተሩን አታስከፍቱ።