ትንሿ ጥይት በትልቁ ሽጉጥ ውስጥ

ስመ ጥር ከሆኑት የድሮ ሽጉጦች ብዙዎቹ ታናሽ ወንድም አላቸው። ታናሹ በመልኩ፣ በእጅ አያያዙ፣ በምላጩና በማነጣጠሪያው ከታላቁ አይለይም፤ የሚጎርሰው ጥይት ግን በጣም ትንሽ ነው። ካሊበር የሚባለው የአፈሙዝ ስፋት በኢንች መቶኛ ስለሚቆጠር፣ 45 ካሊበር 11.4 ሚሊ ሜትር፣ 22 ካሊበር ደግሞ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእነዚህ ታናናሾች ዋና ምሳሌ በአሜሪካው ኮልት 1911 አምሳል የተሠሩት ባለ 22 ሽጉጦች ናቸው። ብዙ ሰው እንደ መጫወቻ ያያቸዋል። ይህ አያያዝ አይገባቸውም፤ ተኳሽን ከታላላቆቻቸው በተሻለ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ በብልሃቱ ታላቁን ያስከነዳል።

ጥይቱ ሙሉ ስሙ 22 ሎንግ ራይፍል ይባላል። በአሜሪካው የስቲቨንስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬም የኦሎምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድሮች የሚካሄዱት በእሱ ነው። አረሩ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የ45ቱ አረር ግን ወደ 15 ግራም ይጠጋል። ትልቁ ልዩነት እሳቱ የሚጫርበት ቦታ ነው። በ45ቱ ቀለህ መቀመጫ መሃል ላይ ለብቻው የተሰካ እሳት ጫሪ አለ፤ የሽጉጡ መርፌ የሚመታው እሱን ነው። በ22ቱ እንዲህ ያለ የተሰካ ነገር የለም። እሳት የሚጭረው ቅመም ገና እርጥብ ሳለ፣ ባዶው ቀለህ በፍጥነት እየተሽከረከረ ቅመሙ ወደ ከንፈሩ እጥፋት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። መርፌው ከንፈሩን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይቀጣጠላል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ጥይቱ ርካሽ ነው፤ በ45ቱ ጥቂት ጥይት በሚተኮስበት ገንዘብ በ22ቱ ቀኑን ሙሉ መለማመድ ይቻላል።

ታላቁ ወንድም ብዙ መግቢያ አያስፈልገውም። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነደፈው፤ የአሜሪካ ጦር በማርች 1911 ተቀበለው፤ በ1985 የቤሬታ ሽጉጥ እስኪተካው ድረስም የሠራዊቱ ዋና ሽጉጥ ሆኖ ኖረ። ባዶውን 1.1 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል።

ጦሩ ሽጉጡን ከወደደው በኋላ ሁለት ችግር ገጠመው። ጥይቱ ውድ ነበር፤ እርግጫው ደግሞ ጀማሪን ያስደነግጣል። ሽጉጡን ሳይለውጡ ጥይቱን ብቻ መለወጥ ጥሩ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የማሽኑ ባሕርይ ይህን በቀላሉ አይፈቅድም። ኮልት 1911 ላይኛው ተንሸራታች ብረቱ ወደ ኋላ ሄዶ ባዶውን ቀለህ ካልጣለ፣ መዶሻውን ካላቀባበለ፣ ተመልሶም ከካዝናው አዲስ ጥይት ካላጎረሰ አይሠራም። ይህን ሁሉ ሥራ የሚያሠራው የጥይቱ ግፊት ነው። የ45ቱ አረር 15 ግራም ሆኖ በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። የ22ቱ ከሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ 300 ሜትር ያህል ቢፈጥንም ክብደቱ 2.6 ግራም ብቻ ነው። ክብደትና ፍጥነት ሲባዙ የትንሿ ጥይት ግፊት የትልቋን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። አምስት ሰው የሚገፋውን መኪና አንድ ሰው ይግፋው እንደ ማለት ነው።

ኮልት በ1931 ኤስ የተባለውን ባለ 22 ሽጉጥ ሲያወጣ መንገዱ ሸክሙን ማቅለል ነበር። ተንሸራታቹ ብረቱ ተፍቆ ቀለለ፤ ከአፈሙዝ ቱቦው ጋር የሚያያዝበት መቆለፊያም ቀረ። ሽጉጡ ሠራ፤ በኢላማ ላይም በጣም ልከኛ ነበር። ቢሆንም ደከም ያለ ጥይት ሲጎርስ ይሰናከል ነበር፤ እርግጫውም ከሞላ ጎደል ጠፋ። እርግጫ የሌለው መለማመጃ ደግሞ ለወታደር ግማሽ መለማመጃ ነው። ይህን ችግር የፈታው ዴቪድ ማርሻል ዊሊያምስ ነው።

ዊሊያምስ በ1900 በኖርዝ ካሮላይና ተወለደ። በ1921 በድብቅ አረቄ ማውጫው ላይ በተደረገ ፍተሻ አንድ የሕግ አስከባሪ በመገደሉ ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። የወኅኒው ኃላፊ በብረታ ብረት ሥራው ውስጥ እጁን እንዲያፍታታ ፈቀደለት፤ እሱም የእስር ዘመኑን ስለ ጠመንጃ አሠራር በማሰብና ናሙና በመሥራት አሳለፈው። በ1929 ሲለቀቅ ሐሳቦቹን ይዞ ወጣ። ዓለም የሚያውቀው በኤም 1 ካርባይን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ ጠመንጃ የሚሠራው በእሱ አጭር የጋዝ ፒስተን ነው። በ1952 ጄምስ ስቱዋርት እሱን ሆኖ የሠራበት ፊልም ወጣ፤ የሥራ ክፍሉም በራሌ ከተማ በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና የታሪክ ሙዚየም ለእይታ በቅቷል። ከካርባይኑ ጎን ስሟ የማይነሳው ትንሽ ፈጠራው ግን ተንሳፋፊው መጉረሻ ነው። በመጀመሪያ የብራውኒንግን መትረየስ በ22 ጥይት ለማለማመድ አዋለው፤ ኋላ ወደ ኮልት ሽጉጥ ተሻገረ።

መጉረሻ ጥይቱ ሲተኮስ የሚያድርበት ክፍል ነው። በተለመደው ሽጉጥ ከአፈሙዝ ቱቦው ጋር አንድ ወጥ ብረት ነው። ዊሊያምስ ቆርጦ ለብቻው አወጣው። የጣት አንጓ የምታህል፣ መሃሏ የተበሳ የብረት ቁራጭ ሆነች፤ በቱቦው የኋላ ጫፍ ላይ ገብታ ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ፊት መሄድ ትችላለች። ጥይቱ ሲተኮስ አረሩ ከመጉረሻዋ ወጥቶ ወደ ቱቦው ይሻገራል። ከኋላው የሚገፋው ትኩስ ጋዝ በሁለቱ መካከል ያለችውን ስንጥቅ አግኝቶ ይገባባትና የመጉረሻዋን ግንባር ወደ ኋላ ይመታል።

ምስጢሩ ያለው በስፋት ላይ ነው። ይህ ዘዴ ባይኖር ጋዙ ወደ ኋላ የሚገፋው የቀለሁን መቀመጫ ብቻ ነበር፤ እሱም የምስር ፍሬ ስፋት ቢኖረው ነው። የመጉረሻዋ ግንባር ግን ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ያው ጋዝ፣ ያው ግፊት፣ ሰፊ ፊት ሲያገኝ ብዙ ኃይል ይሆናል። በዚህ መንገድ በተንሸራታቹ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ከላይ የተሰላውን የአምስት እጥፍ ጉድለት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መጉረሻዋ ጥቂት ተጉዛ ትቆማለች፤ ተንሸራታቹ ግን በተቀበለው ፍጥነት ይቀጥላል፤ ቀለሁን ይጥላል፤ መዶሻውን ያቀባብላል።

ዊሊያምስ ጥይቱን አበርትቷል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ባሩዱም አረሩም አልተነኩም። ጋዙ መጉረሻዋን ወደ ኋላ በገፋ ቁጥር ቱቦውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከየትም የተጨመረ ጉልበት የለም። የተለወጠው የጉልበቱ አከፋፈል ነው። እጅ የሚሰማው ንዝረትም የሚመጣው ከባዱ ተንሸራታች የኋላ መድረሻው ላይ ሲያርፍ ነው። ኮልት በዚህ ዘዴ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሰርቪስ ሞዴል ኤስን አወጣ፤ በ1938 ደግሞ ባለ 45ቱን ሽጉጥ ወደ 22 የሚቀይር መለወጫ ዕቃ ለገበያ አቀረበ። ሰርቪስ ሞዴል ኤስን የያዘ ወታደር በክብደትም በእርግጫም ከታላቁ ጋር የሚቀራረብ ሽጉጥ እየተኮሰ የሚያወጣው ግን የ22 ጥይት ዋጋ ነበር።

የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመልሰዋል። ተንሸራታቻቸው ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅልቅል የተሠራ ስለሆነ ትንሿ ጥይት ያለ ብልሃት ትገፋዋለች። የብራውኒንግ ኩባንያ በታላቁ ሽጉጥ መቶኛ ዓመት በ2011 ያወጣው 1911-22 ደግሞ ሙሉ አካሉ የታላቁን 85 በመቶ ብቻ ያህላል፤ እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይመቻል። በመልኩ ብቻ ተማርኮ የሚገዛ ሰው ግን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። መጠኑ ከታላቁ ካነሰ የታላቁ ካዝናና ማኅደር አይገጥሙለትም፤ ተንሸራታቹ ከቀላል ብረት ከሆነም ዘመን መሻገሩ እንደ ከባዱ ብረት አይደለም።

ታናሽ ወንድም ያላቸው እንደ 1911 ራሳቸው የሚያጎርሱ ሽጉጦች ብቻ አይደሉም። ኮልት የ1873ቱን ባለ ስድስት ጥይት ተሽከርካሪ ሽጉጡን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት መሥራት አቁሞ ነበር። የካውቦይ ፊልሞች ናፍቆቱን ሲቀሰቅሱ ሩገር የተባለው ፋብሪካ በ1953 ሲንግል ሲክስ የተባለውን ባለ 22 አወጣ፤ እጅግም ተወደደ። የመጀመሪያዎቹ ግን አንድ አደጋ ነበረባቸው፤ መዶሻው በጎረሰው ጥይት ላይ ተኝቶ ሽጉጡ ከወደቀ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ አምስት ጥይት ብቻ ማጉረስና መዶሻውን በባዶው ላይ ማሳረፍ ግድ ነው። ሩገር በ1973 ምላጩ ካልተሳበ መዶሻው መርፌውን የማይነካበት ማገናኛ ብረት አስገባ፤ ለድሮዎቹም ያለ ክፍያ ይገጥማል። ይህን እያወቀ አሮጌውን ሽጉጥ ስድስቱንም አጉርሶ ወገቡ ላይ የሚሰካ ሰው በራሱ እግር ላይ ይፈርዳል።

የታናናሾቹ ትልቁ ጥቅም በኢላማው ላይ ይታያል። ባለ 45 እየተኮሰ ያለ ጀማሪ ሳያውቀው ካዝናው ውስጥ አንድ የማይተኮስ የመለማመጃ ጥይት ቢደባለቅበት፣ ምላጩን ስቦ ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ ብቻውን ወደ መሬት ደፋ ሲል ይታያል። እጁ እርግጫውን ፈርቶ ቀድሞት ገፍቷል ማለት ነው። አረሮቹ ከኢላማው በታች የሚያርፉትም ለዚህ ነው፤ ማነጣጠሪያውን መነካካት አያድነውም። መድኃኒቱ ያንኑ እጀታና ያንኑ ምላጭ ይዞ በ22ቱ ብዙ መቶ ጊዜ ተኩሶ እጁ ድንጋጤውን እስኪረሳ መለማመድ ነው።

ትንሽ ማለት ግን አደገኛ ያልሆነ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የጥይት አምራቾች መለኪያ መሠረት በ22ቱ ቀለህ ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 24,000 ፒኤስአይ ሲሆን የ45ቱ 21,000 ነው፤ አረሩ ቀላል ቢሆንም በቀለሁ ውስጥ ባለው የጋዝ ግፊት ታናሹ ይበልጣል። የጥይቱ ፓኮ ላይም እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ድረስ አደጋ እንዳለው የሚያስጠነቅቁ አሉ። ከኢላማው ጀርባ የአፈር ግንብ ሳይኖር «22 ምን ያደርጋል» ብሎ መተኮስ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው። የጆሮ መከላከያን ማውለቅም እንዲሁ።

በባዶ ሽጉጥ ምላጭ የመሳብ ልማድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ45ቱ መርፌው የሚያርፈው ባዶ ቦታ ላይ ስለሆነ ጉዳት የለውም። በአንዳንድ ባለ 22 ሽጉጦች ግን መርፌው የሚመታው የመጉረሻውን ጠርዝ ነው፤ ሲደጋገም ጠርዙ ይጎዳል፤ ጥይትም አልገባ አልወጣ ይላል። መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ አለማድረግ ነው፤ ወይም በመለማመጃ ጥይት መሥራት።

የመጨረሻው ጉዳይ ጽዳት ነው። የ22 ጥይት አረሩ ብዙውን ጊዜ ቅባት ያለው እርሳስ ስለሆነ ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ ተንሳፋፊ መጉረሻ ባለው ሽጉጥ ከሁሉም በላይ የሚጋገረው በመጉረሻው ፊትና በስንጥቁ ውስጥ ነው። ከተኩስ በኋላ ያችን የጣት አንጓ የምታህል ብረት አውጥቶ መጥረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለቤቱ ከሰነፈ መጉረሻዋ ትጣበቃለች፤ ስትጣበቅም የጋዙ ሰፊ ፊት ይጠፋል፤ ሽጉጡም እንደገና ለትንሽ ጥይት የተሰጠ ከባድ ብረት ይሆናል። ተኩሶ አይከፈትም፤ ቀለሁንም አይጥልም።