ባሕሩን በቀኝ ይዞ

የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝን ጠረፍ ጫፍ ጫፉን ይዞ የሚዞረው የእግር መንገድ 1014 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሶመርሴት ውስጥ ካለችው ማይንሄድ ይነሳል፤ ሰሜን ዴቨንን አልፎ ኮርንዎልን ይዞራል፤ ከዚያ በደቡብ ዴቨንና በዶርሴት በኩል መጥቶ ፑል ወደብ አፍ ላይ፣ ሳውዝ ሄቨን ፖይንት ሲደርስ ያበቃል። ከማይንሄድ የተነሳ ሰው ባሕሩ እስከ መጨረሻው ከቀኙ አይለይም። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕርን በቅርብ ያየሁት እንግሊዝ ከመጣሁ በኋላ ነው። ይህን መንገድ በዓመት ፈቃዴ እየቀጠልሁ ብቻዬን ጨርሼዋለሁ።

የሚያደክመው ርዝመቱ ሳይሆን መውጣት መውረዱ ነው። አቀበቱ ሁሉ ቢደመር 35 ሺህ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ራስ ዳሸንን ከባሕር ወለል ተነስቶ ከሰባት ጊዜ በላይ መውጣት ማለት ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ግሬት ሃንግማን ግን 318 ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ አቀበት ከየት መጣ?

ከኮንትሮባንድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሻይ፣ በትምባሆና በመጠጥ ላይ የተጣለው ቀረጥ ከባድ ስለነበር የዚህ ጠረፍ ሰዎች ዕቃውን በሌሊት በጀልባ ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተቋቋመና ጠባቂዎች በእግር ተሰማሩ። ጠባቂው ገደል ሥር የተደበቀውን እያንዳንዱን ትንሽ ወሽመጥ ቁልቁል ማየት ነበረበት፤ አቋርጦ ቢሄድ ጀልባዋ ታመልጠዋለች። መንገዱ የእነሱ ዱካ ስለሆነ ዛሬም አያቋርጥም። ወደ እያንዳንዱ ወሽመጥ ያወርድሃል፣ መልሶ ያወጣሃል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አቀበቱን አልተማረርሁበትም፤ እኔም እንደ ጠባቂው አንዱንም ሳላይ ማለፍ አልፈለግሁም።

እናቴ በደወለች ቁጥር «ከማን ጋር ነሽ?» ትለኝ ነበር። «ብቻዬን ነኝ» ስላት ለአፍታ ዝም ትላለች። ስጋቷ ይገባኛል፤ እኛ ዘንድ ብቻውን ሩቅ የሚሄድ ሰው ያሳዝናል። ግን ብቻዬን ባልሆን ኖሮ ኤርም ወንዝን እንደዚያ አላውቀውም ነበር። ደቡብ ዴቨን ውስጥ ያለው ይህ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ድልድይም ጀልባም የለውም። ባሕሩ ጨርሶ ከሚሸሽበት ሰዓት በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ በእግር ይሻገሩታል። ሰዓቱን በሠንጠረዥ አይቼ ቀድሜ ደረስሁ። ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ፣ ውኃው ሲጎድል አሸዋው ቀስ በቀስ ሲገለጥ አየሁ። የሚያቻኩለኝም «ቆይ» የሚለኝም አልነበረም። ስገባ ውኃው አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ነበረው፤ ግን ከጉልበቴ አላለፈም።

ዶርሴት ውስጥ ደግሞ ሰዓቱን የሚወስነው የጦር ሠራዊቱ ነው። ከለልዎርዝ ቀጥሎ ያለው ስፍራ የታንክ መተኮሻ በመሆኑ ባመዛኙ የሚከፈተው ቅዳሜና እሑድ ነው። እዚያው ታይነም የምትባል መንደር አለች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1943 ነዋሪዎቿ ለሠራዊቱ ልምምድ ሲባል እንዲለቁ ተደርገው አልተመለሱም። ቤተ ክርስቲያኗ ቆማለች፤ ቤቶቿ ግን ጣሪያ የላቸውም። ገብቼ ጸሎት አደረግሁ።

የመጨረሻው ጉዞ ከስዋኔጅ ይነሳል። ኦልድ ሃሪ የሚባሉት ነጫጭ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ከባሕር ውስጥ ቆመው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አሸዋ ነው። መድረሻው ላይ የብረት ሐውልት አለ፤ አጠገቡ መኪኖች በሰንሰለት የምትጎተተውን የማሻገሪያ ጀልባ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ብረቱን በመዳፌ ይዤ «ተመስገን!» ብዬ ጮህሁ፣ ደጋግሜ። መኪና ውስጥ የነበሩ አንዲት አሮጊት መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከማይንሄድ» ስላቸው ከመኪናቸው ወርደው አቀፉኝ።

እንግሊዝ ለምትኖሩና ለመሞከር ለምታስቡ፣ ከዚሁ ከስዋኔጅ ጀምሩ። ወደ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ መመለሻ አውቶቡስም አለው። ከሃርትላንድ እስከ ቡድ ያለውን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ቀኑን ሙሉ ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ መውጣት ነው።